ኢንሱሊን ከቆሽት እስከ ጡንቻ፦ ፕሮቲን የሕዋስን አጥር እንዴት ያልፋል?

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

 

እኛ የማኅበሩ ወጣቶች ዛሬ ማታ ስለ ሳይንስ እንድንናገር ስንጠየቅ ርእስ ለመምረጥ ብዙ ተከራከርን። አንዱ ስለ ኮምፒዩተር ይሁን አለ፣ ሌላው ስለ ጠፈር። በመጨረሻ የተስማማነው በዓይን በማይታይ ነገር ላይ ነው፤ ፕሮቲን የሕዋስን አጥር አልፎ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚገባ። ርእሱ ሲሰሙት ከኑሯችን የራቀ ይመስላል። ግን እስቲ ዙሪያችንን እንይ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ አባት፣ እናት፣ አያት ያለው ሰው ስንት ነው? ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። የስኳር በሽታም ሲጠቃለል የበር ጉዳይ ነው፤ ምን ይወጣል፣ ምን ይገባል፣ ማን በሩን ያንኳኳል፣ ማን ይከፍታል።

ሌላም ምክንያት አለን። እኛ ልጆቹ ይህንን ትምህርት በዕብራይስጥ ነው የተማርነው። ሕዋስን «ታ»፣ ፕሮቲንን «ሔልቦን»፣ ቆሽትን «ላቭላቭ» እንላለን። ለባግሩት ፈተና እናጠናዋለን፣ እንፈተናለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። ወላጆቻችን ደግሞ በሽታውን በገላቸው ያውቁታል፤ በቃል የሚያስረዳቸው ግን አያገኙም። ቁፓት ሆሊም አብረን ስንሄድ ሐኪሙ 10 ደቂቃ ያወራል፣ እኛ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ መድኃኒቱን ውሰድ አለ» ብቻ ይሆናል። በመካከል ያለው ሁሉ ይቀራል። ዛሬ ያንን የቀረውን በአማርኛ ለመናገር እንሞክራለን።

የቅቤው አጥር

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ አንድ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን የታጠረ፣ በውስጡ ሥራ የሚሠራበት። አጥሩ ግን ከእንጨት ወይም ከድንጋይ አይደለም፤ ከቅባት ነው። ለምን ከቅባት ሆነ? ከሕዋሱ ውጭ ያለውም ውስጥ ያለውም ውሃ ነው። ቅቤ ውሃ ላይ ጣል ብናደርግ አይቀላቀልም፣ ለብቻው ይንሳፈፋል። እንደዚሁ የቅባቱ ሽፋን ውጭውን ውሃ ከውስጡ ውሃ ይለያል። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ነው። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሽፋን አንዱን ባንዱ ላይ ብንደራርብ የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ቀጭን ነው፤ ሆኖም ሕይወትን የያዘው እሱ ነው። አጥሩ ሲቀደድ ሕዋሱ ይሞታል።

የምንተነፍሰው ኦክስጂን በዚህ አጥር ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፤ በር አያስፈልገውም። ስኳርና ጨው ግን በር ካልተከፈተላቸው አያልፉም። ፕሮቲን ደግሞ ከስኳር ጋር ሲተያይ እጅግ ትልቅ ነው።

ፕሮቲን ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ስንሰማው ሥጋ፣ እንቁላልና ሽምብራ ትዝ ይለናል። ልክ ነው፣ ከእነሱ እናገኘዋለን። በሰውነታችን ውስጥ ግን ፕሮቲን ሠራተኛ ነው። ምግብ የሚፈጨው፣ ኦክስጂን የሚሸከመው፣ በሽታን የሚዋጋው ፕሮቲን ነው። አሠራሩን ለመረዳት የእናቶቻችንን ፈትል እናስብ። ሕዋሱ አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ቁርጥራጮችን በተርታ እየቀጠለ ረጅም ክር ይፈትላል። ከዚያ ክሩ ይጠቀለልና እንደ ልቃቂት ይሆናል። ልዩነቱ፣ የፕሮቲን ልቃቂት እንዳገኘ አይጠቀለልም፤ እያንዳንዱ ፕሮቲን የራሱ ቅርጽ አለው። ቅርጹ ከተበላሸ ሥራ አይሠራም።

አሁን ጥያቄው መጣ። ልቃቂት በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል? አያልፍም። ታዲያ ቆሽት ውስጥ የተሠራው ኢንሱሊን በቅባት የታጠረውን ግቢ ሳይቀድ እንዴት ወደ ደም ይወጣል?

አድራሻው የት ተጻፈ?

የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ጆርጅ ፓላዴ የሚባል በሩማንያ የተወለደ ሳይንቲስት በኒው ዮርክ ሮክፌለር በሚባለው ተቋም የቆሽትን ሕዋሳት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ በግቢው ውስጥ ሌሎች ትናንሽ ግቢዎች እንዳሉ አሳየ። ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን በቀጥታ በውጭው አጥር አይወጣም። መጀመሪያ በቅባት ሽፋን ወደታጠረ አንድ የውስጥ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ በመጨረሻ ይወጣል። ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ግን አንድ ነገር ቀረ። በአንድ ሕዋስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል፣ አንዳንዱ ወደ ውጭ ይላካል። ማነው የሚለያቸው? እንደ ፖስታ ቤት አስቡት። ደብዳቤው ሁሉ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ አድራሻው ግን የት ላይ ነው?

ከፓላዴ ጋር ይሠራ የነበረው ጉንተር ብሎበል ከባልደረባው ከዴቪድ ሳባቲኒ ጋር በ1971 አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ አድራሻው ከውጭ የሚለጠፍ ሳይሆን በፕሮቲኑ በራሱ ላይ፣ በክሩ መጀመሪያ ላይ ተፈትሎ ይመጣል አለ። በወቅቱ ማስረጃ አልነበረውም። በ1975 ብሎበልና ዶበርሽታይን ሐሳቡን ፈተኑት። ሙከራው ለማንም ይገባልና እንንገራችሁ።

ፕሮቲን የሚፈትለውን መሣሪያ፣ ራይቦሶም ይባላል፣ ከሕዋስ አውጥተው በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አስቀመጡት፤ ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲንም እንዲሠራ አደረጉ። በቱቦው ውስጥ የቅባት ሽፋን በሌለበት ጊዜ ፕሮቲኑ ከወትሮው ረዘም ብሎ ተገኘ፤ መጀመሪያው ላይ ትርፍ ቁራጭ ነበረው። የሽፋኑን ከረጢቶች ከሥራው መጀመሪያ ጀምረው ሲጨምሩ ግን ፕሮቲኑ ወደ ከረጢቱ ውስጥ ገባ፤ ትርፉም ቁራጭ ተቆርጦ ነበር። መግባቱን በምን አወቁ? ፕሮቲን የሚበላ ነገር በቱቦው ውስጥ ጨመሩ። ውጭ የቀረውን በላው፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ግን ሊነካው አልቻለም። ፕሮቲኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሽፋኑን ቢጨምሩስ? ዘግይቷል፣ አይገባም። ስለዚህ ክሩ የሚያልፈው እየተፈተለ እያለ ነው። አንዴ ልቃቂት ከሆነ ቀዳዳው አያሳልፈውም።

ብሎበል በ1999 ለብቻው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የኢንሱሊን መንገድ

አሁን ወደ ኢንሱሊን እንመለስ፤ መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ቆሽታችን ውስጥ ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። እዚያ ራይቦሶሙ ኢንሱሊንን መፍተል ሲጀምር፣ የሚፈትለው ክር ጠቅላላ ርዝመቱ 110 አሚኖ አሲድ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 24ቱ አድራሻው ናቸው። አድራሻው በፊደል አልተጻፈም፤ ምልክቱ ቅባት መውደዱ ነው። መካከሉ ላይ ያሉት አሚኖ አሲዶች ውሃን ይሸሻሉ፣ ወደ ቅባት ይጠጋሉ። ይህ ጫፍ ከራይቦሶሙ ብቅ እንዳለ አንድ ተቀባይ ይይዘዋል፤ ፍተላውንም ገታ ያደርገዋል። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ «ቆይ፣ ባለቤቱን ልጥራ» እንደሚባለው ማለት ነው። ከዚያ ራይቦሶሙን ከነክሩ ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሽፋን ይወስደዋል። በሽፋኑ ላይ ጠባብ ቦይ አለ፤ እሱም ራሱ ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ክሩ እንደ መርፌ ቀዳዳ በዚያ ውስጥ ይገባል፤ ፍተላው ይቀጥላል፤ እየተፈተለ ወደ ማዶ ይወርዳል። ወዲያው በማዶው በኩል አንድ መቁረጫ አድራሻውን ቆርጦ ይጥለዋል። ሥራውን ጨርሷላ! 86 ቀረ።

ማዶ ከገባ በኋላ ክሩ መጠቅለል ይጀምራል። በሦስት ቦታ ይቋጠራል፤ ቋጠሮዎቹ ቅርጹን ይዘው ያቆዩታል። ከዚያ በትንሽ የቅባት ከረጢት ተጭኖ ጎልጂ ወደሚባለው ሁለተኛ ክፍል ይሄዳል። ከዚያም ወደ ማከማቻ ከረጢት ይገባል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ከመካከሉ አንድ ቁራጭ ይቆረጥለታል፤ ሲ-ፔፕታይድ ይባላል። የቀረው 51 አሚኖ አሲድ ነው። እሱ ነው ኢንሱሊን።

ኢንሱሊኑ ተዘጋጅቶ በከረጢት ይጠብቃል። እንጀራ በልተን ስኳሩ ወደ ደም ሲገባ የቤታ ሕዋስ ይሰማዋል። ከረጢቶቹ ወደ ውጭው አጥር ይጠጋሉ፤ የከረጢቱ ቅባትና የአጥሩ ቅባት ይዋሃዳል፤ በከረጢቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ ደም ይፈስሳል። አጥሩ አልተቀደደም፣ በር አልተሰበረም። ሁለት የቅቤ ጠብታ ውሃ ላይ ሲገናኙ አንድ እንደሚሆኑ ነው። ለዚህ የከረጢት ጉዞ ማብራሪያ ራንዲ ሼክማን፣ ጄምስ ሮትማንና ቶማስ ሱድሆፍ በ2013 ኖቤል ተሸልመዋል።

ልብ በሉ፣ ሲ-ፔፕታይድም አብሮ ይወጣል። ይህ በቁፓት ሆሊም የደም ምርመራ ወረቀት ላይ የምታዩት ስም ሊሆን ይችላል። መርፌው ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ስለዚህ ሐኪሙ ሲ-ፔፕታይድን ሲለካ የሚጠይቀው «የዚህ ሰው ቆሽት ራሱ ምን ያህል ኢንሱሊን እየሠራ ነው?» ብሎ ነው። የጣሉት ቁራጭ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

በኬላ ላይ የሚያዙት

ወደ ውስጠኛው ክፍል የገባ ፕሮቲን ሁሉ አይወጣም። ፍተሻ አለ። በደንብ ያልተጠቀለለ፣ የተጣመመ ፕሮቲን እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ እንዲስተካከል ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልተስተካከለ በመጣበት ሽፋን በኩል ወደ ኋላ ተጎትቶ ይወጣል፣ የሞት ምልክት ይለጠፍበታል፣ ከዚያም ይፈጫል። ቁርጥራጩ ለአዲስ ሥራ ይውላል፤ የሚባክን የለም። ያንን ምልክት ያገኙት እዚሁ አገራችን፣ ሐይፋ በሚገኘው በቴክኒዮን የሠሩት አቭራም ሄርሽኮና አሮን ቼካኖቨር ናቸው፤ ከአሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ ጋር በ2004 ኖቤል ተሸለሙ።

ፍተሻው ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ግን በጣም ይጠብቃል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል፣ ሳንባን የሚያጠቃ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። በብዙዎቹ በሽተኞች ላይ ችግሩ ከ1,480 አሚኖ አሲዶች አንዷ ብቻ መጉደሏ ነው። ፕሮቲኑ ቦታው ቢደርስ ጥቂት ሥራ መሥራት ይችል ነበር፤ ግን በኬላው ላይ ተይዞ ይቀራል። ዛሬ ይህ ፕሮቲን በደንብ ተጠቅልሎ እንዲያልፍ የሚረዱ ክኒኖች አሉ፤ የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ለውጠዋል። በኢንሱሊንም ላይ እንዲሁ፣ አልፎ አልፎ በአንዳንድ ቤተሰቦች፣ የአድራሻው አንዷ አሚኖ አሲድ በመለወጧ ብቻ የስኳር በሽታ ይመጣል። አድራሻ ሲበላሽ ደብዳቤው አይደርስም።

በሩን ማንኳኳት

ኢንሱሊኑ በደም ተጉዞ ጡንቻ ጋ ደረሰ እንበል። እዚያ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው «ስኳሩን ይዞ ይገባል» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ኢንሱሊን ሥራውን የሚሠራው ከውጭ ሆኖ ነው፤ በሩን ያንኳኳል። በጡንቻው ሕዋስ አጥር ላይ የኢንሱሊን ተቀባይ አለ፤ ጆሮው በውጭ፣ እጁ በውስጥ ነው። ኢንሱሊን ሲነካው በውስጥ በኩል መልእክት ያስተላልፋል። በዚያ ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ በከረጢት ተቀምጠው የነበሩ የስኳር በሮች ወደ አጥሩ ይመጣሉ። ግሉት-4 ይባላሉ፤ እነሱም ፕሮቲን ናቸው። ከረጢቱ ከአጥሩ ጋር ሲዋሃድ በሩ አጥሩ ላይ ይተከላል፤ ስኳርም ይገባል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ኢንሱሊኑ ሲቀንስ በሮቹ ተመልሰው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

እንግዲህ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ በማኅበረሰባችን በብዛት የምናየው፣ ከዚህ ይጀምራል። ኢንሱሊን ያንኳኳል፣ ውስጥ ያለው ግን በደንብ አይሰማም። በሩ አይመጣም፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ቆሽት ደግሞ «አልሰሙኝም» ብሎ አብዝቶ ይልካል። ዓመታት ሲያልፉ ቆሽትም ይደክማል። የመጀመሪያው ዓይነት ከዚህ ይለያል፤ እዚያ የሰውነት መከላከያ የቤታ ሕዋሳትን ራሱ ስለሚያጠፋ ኢንሱሊን የሚሠራ አይቀርም። በዚህኛው ያለ መርፌ መኖር አይቻልም።

አባቶቻችን «እኛ በአገራችን ስኳር የሚባል በሽታ አናውቅም ነበር» ሲሉ እንሰማለን። ተረት አይደለም። ከኢትዮጵያ በመጡት ላይ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደበዛ የእስራኤል ሐኪሞች ገና በ1980ዎቹ መጨረሻ ጽፈዋል። ደማችን አልተለወጠም፤ ኑሯችን ነው የተለወጠው። እዚያ ውሃ ተወርዶ፣ እንጨት ተለቅሞ፣ ከብት ተጠብቆ፣ ገበያ በእግር ተሂዶ ነበር። እዚህ አውቶቡስ፣ ወንበር፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ መጣ።

እዚህ ላይ ከሳይንሱ ያገኘነው ትልቁ ነገር አለ፣ እናንተም ይዛችሁት እንድትሄዱ እንፈልጋለን። የግሉት-4 በሮች የሚመጡት በኢንሱሊን ብቻ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ፣ ስንራመድ፣ ደረጃ ስንወጣ፣ በሌላ መንገድ ያለ ኢንሱሊን ይመጣሉ። ይህ ሁለተኛው መንገድ የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይም በአብዛኛው ይሠራል። የፊት ለፊቱ በር ባይሰማ የጓሮው ይከፈታል ማለት ነው። ከእግር ጉዞ በኋላም ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ጆሮ እስከ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ የተሻለ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ሐኪሙ «በእግርህ ሂድ» ሲል የሚናገረው ክብደት ለመቀነስ ብቻ አይደለም። በሩን በእግራችን እየከፈትን ነው።

ለቤታችን ምን ይጠቅማል?

ይህንን መንገድ ካወቅን ቤት ውስጥ የሚነሱ ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ የምንሰማቸውን እንመልስ።

«ለምን በክኒን አይሰጡኝም? መርፌ ሰለቸኝ።» ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ነው። ብንውጠው ጨጓራና አንጀት እንደ እንቁላል ይፈጩታል። ቢተርፍ እንኳ የአንጀቱን የቅባት አጥር አያልፍም፤ አድራሻም በር ሰጪም የለውም። ስለዚህ በቆዳ ሥር ይወጋል። ሐኪሙ ጨክኖ አይደለም።

«ለምን በፍሪጅ ይቀመጣል?» ቅርጹን ለመጠበቅ ነው። ልቃቂቱ ሲፈታ ኢንሱሊን ኢንሱሊን አይሆንም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን ያበላሸዋል። በበጋ በመኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ። የተከፈተው ስንት ቀን እንደሚቆይ ከመድኃኒቱ ጋር ባለው ወረቀት ተጽፏል፤ ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነውና ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። አንብቡና ቀኑን በዕቃው ላይ ጻፉ።

«ከአሳማ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ድሮ ከላምና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። ጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደው ከእንስሳ ቆሽት ከወጣ ኢንሱሊን ነው። ከ1982 ጀምሮ ግን የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ እየተሠራ በመድኃኒትነት ይሰጣል። አንዳንዱ ደግሞ በዳቦ እርሾ ይሠራል። እርሾውም ትንሽ ሕዋስ ናት፤ የራሷ የመላኪያ መንገድ አላት። ሳይንቲስቶች በኢንሱሊኑ ክር መጀመሪያ ላይ እርሾዋ የምታውቀውን አድራሻ ቀጠሉበት፤ እሷም ወደ ውጭ ላከችው። ብሎበል ያገኘው የአድራሻ ነገር እስከ ፍሪጃችን ድረስ መጥቷል።

«መርፌ ከጀመሩ አለቀ፣ ወደ ሞት ነው።» ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ጎድቷል። መርፌው በሽታውን አያመጣም፤ የደከመ ቆሽት የማይልከውን ይልካል እንጂ። ሰው የሚጎዳው መርፌውን ፈርቶ ሲዘገይ ነው። በደም የቆየ ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን ቀስ ብሎ ይጎዳል። ሳያም ስለሚጎዳም ይታለፋል። መጠኑን ግን ሐኪም ይወስናል፤ በራስ መጨመርም መቀነስም አደጋ አለው።

«ጾምስ?» በአስተሥርዮም ሆነ በሲግድ መጾም ለአባቶቻችን ትልቅ ነገር ነው፤ እናከብራለን። ነገር ግን ኢንሱሊን ተወግቶ ያልበላ ሰው በሩ ተከፍቶ ስኳሩ በደም ያልቅበታል። ያልባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከጾሙ ሳምንታት በፊት ከሐኪም፣ ከዚያም ከቄሱ ወይም ከረቢው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ነፍስን መጠበቅ ትእዛዝ መሆኑን እነሱም ይነግሩናል።

ለእኛ ለወጣቶቹ

አሁን ደግሞ ለእኩዮቻችን ጥቂት እንናገር።

የፍተላው መሣሪያ ራይቦሶም ምን እንደሚመስል ካሳዩት ሦስት ሰዎች አንዷ ከዚሁ ከእስራኤል ናት፤ በዋይዝማን ተቋም የሠራችው አዳ ዮናት። በ1939 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች፣ አባቷ በልጅነቷ ሞተ፣ እናቷን እየረዳች ተማረች። የራይቦሶምን ቅርጽ ለማየት 20 ዓመት ገደማ ደከመች፤ ብዙዎች አይሆንም ብለዋት ነበር። በ2009 ኖቤል ተቀበለች።

ብሎበልም የስደት ልጅ ነበር። በ1936 በጀርመን ተወለደ። በ1945 መጀመሪያ፣ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከጦርነት ሸሽቶ በድሬስደን ከተማ አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶም ከተማዋ ስትቃጠል ሰማዩን በሩቁ አየ። ኋላ በአሜሪካ ትልቅ ሰው ሲሆን የኖቤል ገንዘቡን በአብዛኛው ለድሬስደን መልሶ ግንባታ ሰጠ። ከተሠሩትም ውስጥ በ1938 ናዚዎች ያቃጠሉት ምኩራብ ምትክ የቆመው አዲሱ ምኩራብ አለ። የሕዋስን አጥር ያጠና ሰው የከተማውን ፍርስራሽ አልረሳም።

እኛም ቢሆን የተማርነውን በአዳራሽና በፈተና ወረቀት ብቻ አንተወው። ባዮሎጂ የምንማር ተማሪዎች አያታችን መርፌ ሲወጉ አጠገባቸው ቁጭ ብለን «አባባ፣ ይህ ነገር በሩን የሚያንኳኳ ነው» ማለት እንችላለን። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ከመግባታችን በፊት ሦስት ጥያቄ ጽፈን እንሂድ። ያልገባንን ቃል ሐኪሙ ደግሞ እንዲነግረን እንጠይቅ፤ የምናስተረጉመው እኛ ብቻ ከሆንንና ነገሩ ከከበደን አዋቂ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣ መጠየቅ አያሳፍርም። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን በሽታ ብቻውን እንዲሸከም አይገባም።

ወላጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በሽታውን አትደብቁን። «ልጆቹ እንዳይጨነቁ» ብላችሁ መድኃኒቱን በጓዳ ስትደብቁት እኛ የበለጠ እንጨነቃለን። ይህ በሽታ በቤተሰብም ስለሚሄድ ብታውቁን ለእኛም ይጠቅመናል፤ ቀድመን እንመረመራለን፣ ቀድመን እንጠነቀቃለን።

ስለዚህ ከዛሬ ምሽት ይዛችሁ የምትሄዱት ይህ ይሁን። ኢንሱሊን አድራሻውን በክሩ መጀመሪያ ይዞ ይወለዳል፤ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፣ ይፈተሻል፣ በከረጢት ይጠብቃል፣ ወጥቶም ያንኳኳል። በሩ ሳይከፈት ሲቀር መድኃኒቱ ይረዳል፤ እግራችንም ይረዳል። ሐሙስ ማታ ከማኅበሩ ደጃፍ ተነስተን አብረን በእግር ለመሄድ ያሰብነው ለዚሁ ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ ከእኛ ጋር ኑ። ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ የምትነግሩን ታሪክ ካለም መንገዱ ረጅም ነው።